ባነሩ ሲወርድ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

በየዓመቱ የካቲት 29፣ በሴቶች ቀን፣ አዳራሽ ሞልተን እንሰበሰባለን። ባነር ይሰቀላል። «ሴት እናት ናት፣ ሴት እህት ናት» ይባላል። ማታ ባነሩ ይወርድና ተጠቅልሎ መጋዘን ይገባል። የተሸለመችው ሴት ስም ግን የትም አይገባም።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት በአንድ ወረዳ ሊሸለሙ ተጠሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሌሊት በባትሪ እየሄዱ ሲያዋልዱ የኖሩ ናቸው። የክብር እንግዶቹ ተራ በተራ ሲናገሩ ሁለት ሰዓት ሄደ። እሳቸው ማይክ ሲይዙ «እማማ፣ አጠር ይደረግ» ተባሉ። ጋቢ ተደረበላቸው፣ ሰርተፍኬት ተቀበሉ፣ ፎቶ ተነሱ። ሰርተፍኬቱ ላይ የአባታቸው ስም ተሳስቷል። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ስህተቱን ያየችው የልጅ ልጃቸው ናት። «ይታረማል» ተባለች።

ያንን ወረዳ ብቻ እንዳትሰድቡት። እኛም ያው ነን። ማጨብጨብ እንችልበታለን፤ መጻፍ ላይ ግን እጃችን ይከብዳል።

እስቲ ደራርቱ ቱሉን የማያውቅ ማን አለ? 1984 ዓ.ም.፣ ባርሴሎና፣ 10 ሺህ ሜትር። ለጥቁር አፍሪካዊት ሴት የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ። ፋጡማ ሮባስ? ከአራት ዓመት በኋላ አትላንታ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት እሷ ናት። ቦስተንንም ሦስት ዓመት በተከታታይ ወስዳለች። ሁለቱም የበቆጂ ልጆች ናቸው። አሁን ሃያ ዓመት የሞላውን ልጅ ስለ ፋጡማ ጠይቁትማ። ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ ያልነገርነው እኛ ነን።

የሁለቱ እህቶች ነገር ደግሞ ያንገበግበኛል። ስንዱ ገብሩ ጣሊያን አሲናራ ደሴት ድረስ ያጋዛቸው፣ ደራሲ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ኋላም ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። እህታቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ተጫዋችና የዜማ ደራሲ ናቸው። ፈረንጅ ሙዚቃቸውን እየሰማ ሲያብድ እኛ የት ነበርን? በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲያርፉ ፌስቡካችን በፎቷቸው ተሞላ። ብዙዎቻችን ስማቸውን የሰማነው ያን ሳምንት ነው። አናፍርም?

ለዚህ ነው በየክልሉ የሴቶች የዝና አዳራሽ፣ ማለትም ቁም ነገር የሠሩ ሴቶች ስምና ሥራ ተጽፎ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ይኑረን የምለው። «አዲስ አበባ ላይ አንድ ትልቅ ሕንጻ ይበቃል» የሚለኝ አይጠፋም። አይበቃም። አገር አቀፉ ዝርዝር ሁሌ በእነዚያው አሥር ስሞች ይሞላል። ያቺን አዋላጅ የሚያውቃት የአካባቢዋ ሰው ነው። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በዕፅዋት በሽታ ምርምር በ2006 ዓ.ም. ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን የሎሬያል ዩኔስኮ ሽልማት ሲያገኙ ዓለም አጨበጨበ። የፍኖተ ሰላም ተማሪ ግን «ይቺ ሴት ከዚህ ነው የተነሳችው» ብሎ የሚጠቁምበት ግድግዳ ያስፈልገዋል።

አሜሪካኖች አገር አቀፉን የሴቶች የዝና አዳራሻቸውን በ1969 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሴኔካ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ መሠረቱ። የሴቶች መብት ጉባኤ በ1848 የተካሄደባት ከተማ ናት። የመጀመሪያዎቹን 20 ሴቶች ያስገቡት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ብዙ ግዛቶችም የየራሳቸውን አቋቁመዋል። አሠራሩ ያን ያህል አይከብድም። ማንም ሰው ይጠቁማል፣ ሥራዋ ከነማስረጃው ይጻፋል፣ ዳኞች ያነባሉ፣ በየዙሩ ጥቂቶች ብቻ ይገባሉ። ከሕንጻው በፊት ፋይሉ ይቀድማል። እኛ ግን ነገር የምንጀምረው መሠረት ድንጋይ በማስቀመጥ ነው፤ ድንጋዩም እዚያው ሳር ይበቅልበታል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልናገር፣ ኋላ እንዳትቀየሙኝ። የባለሥልጣን ሚስት ስለሆነች፣ ለግንባታው ብር ስላዋጣች፣ ወይም «ከእኛ ዞን አንድ ይግባ» ተብሎ ሴት የሚገባበት ከሆነ ባይኖር ይሻላል። የዝምድና አልበም ይሆናል። ደግሞ «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ባለቤት» እያላችሁ አትጀምሩ። ሥራዋን አስቀድሙ። ባሏ ከፈለገ ግርጌ ላይ ይግባ።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። አሁን አንለውም፤ እናፍራለን። ተረቱን ግን እየኖርነው ነው። ጉባኤ ላይ ሐሳቡን ያመጣችው እሷ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ የሚገኘው የሱ ስም። የሚጽፈውም ያው ከእኛ አንዱ ነው።

የክልል ቢሮዎች እስኪነቁ አትጠብቁ። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ አለው፣ ቤተ መጻሕፍቱም አለው። ሰፈራችሁ ውስጥ አንድ ነገር የሠራች ሴት ካለች በሕይወት እያለች ሄዳችሁ ጠይቋት። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል አይደል? በየት ዓመት፣ የት፣ ከማን ጋር ብላችሁ ጠይቁ። የአባቷን ስም ደግሞ ከራሷ አፍ ስሙ።

እኚያን እናት ባለፈው ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር። ሰርተፍኬቱ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። ከወረዳው ማንም አልመጣም። የተሳሳተውን ስም የልጅ ልጃቸው በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰርዛ፣ ትክክለኛውን ከላዩ ጽፋዋለች።