ሦስተኛዋን ጎል ማን አገባ?

በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ አንድ እሑድ ማታ፣ ጎንደር ፒያሳ ከፖስታ ቤቱ ብዙም በማይርቅ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጫለሁ። ኒውካስል ከሊቨርፑል ጋር ለሊግ ካፕ ዋንጫ ዌምብሌይ ላይ ይጫወታል። ከፊቴ የሊቨርፑል መለያ የለበሰ ወጣት የሻይ ብርጭቆውን በጉልበቶቹ መሀል ይዞ ያያል። አሌክሳንደር ኢሳቅ ለኒውካስል ሁለተኛዋን ጎል ሲያስቆጥር ልጁ ብድግ ብሎ ጨፈረ፤ ሻዩም ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ጎሏ የገባችው በገዛ ቡድኑ ላይ ነው። ምን ነካህ ሲሉት «የኛ ልጅ ነዋ!» አለ።

ክርክሩ ወዲያው ተነሣ። አንዱ ኤርትራዊ ነው አለ፤ ሌላው ሶልና ተወልዶ ያደገ ስዊድናዊ ነው አለ፤ ሦስተኛው «ሐበሻ ነው፣ በቃ» ብሎ ሊዘጋው ሞከረ። ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አዛውንት እስኪበርድ ጠበቁና «ልጆች፣ እኔ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉ። «በ54ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሦስተኛዋን ጎል ማን አገባ?»

«መንግሥቱ ወርቁ!» አሉ ሦስት አራቱ ባንድ አፍ።

«እሱ አራተኛዋን ነው።»

ዝም ተባለ። «ኢታሎ ነው» አሉ አዛውንቱ። ባለ ሻዩ ልጅ ዞሮ አያቸውና «አባባ፣ ጣልያን ነበር እንዴ ለኛ የሚጫወተው?» ብሎ ጠየቀ።

በልጁ አልፈርድም። ጎንደሬ ስለዚያ ጨዋታ ማውራት የሚጀምረው ከመቶ አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ነው። መንግሥቱ ወርቁ ጎንደር ተወልዶ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ነግሦ፣ የፍጻሜውን የመጨረሻ ጎል አስቆጥሯል። ብንኮራበት ማን ይነቅፈናል? እኔም እኮራለሁ። የጨዋታው ታሪክ ግን ከዚያ በፊት ብዙ መንገድ ሄዷል። ቀኑ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። እዚህ ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር ገብተው፣ ቃና ዘገሊላ ካለፈ ገና አንድ ቀኑ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የይድነቃቸው ተሰማ ልጆች ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ከነበረችው ግብፅ ጋር ተፋጠዋል። በሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ ባዳዊ ለግብፅ አገባ። ሰባ አራተኛው ደቂቃ ላይ ግርማ አቻ አደረገ። ደስታው ሳይበርድ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ባዳዊ ደገመ። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት ለሁለት አደረገውና ወደ ተጨማሪ ሰዓት ተሄደ። በመቶ አንደኛው ደቂቃ የአምበሉ ታናሽ ወንድም፣ አጥቂው ኢታሎ ቫሳሎ፣ ኢትዮጵያ በዚያ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ እንድትመራ አደረጋት። ዋንጫውን ያዘነበለችው እሷ ናት። የመንግሥቱ ጎል ማኅተሟ ነበረች።

ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው። ከጣልያን አባትና ከኤርትራዊት እናት በ1935 እ.ኤ.አ. አስመራ ተወለደ፤ በኋላ ለድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫወተ። የተወለዱበትን ዘመን ልብ ይሏል። በ1940 እ.ኤ.አ. የፋሺስት መንግሥት ባወጣው ሕግ ጣልያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ መቀበል ተከለከለ። እንዲህ ያሉ ልጆች በአባታቸው አገር ዘንድ ጥቁር ናቸው። እኛ ዘንድስ? እኛ ዘንድ የወራሪው ስም አላቸው። ኢታሎ! እንዲያው ከስም ሁሉ! በአምስቱ ዓመት አባቱን የቀበረ ሰው ስታዲየም ገብቶ «ኢታሎ፣ ኢታሎ» እያለ ሲጮኽ ይታያችሁ። ኳስ እንዲህ ያለ ነገር ታደርጋለች፤ ግን ለዘጠና ደቂቃ፣ ቢበዛ ለመቶ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከተማዬን አንድ ነገር ልውቀሳት። ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የጣልያን ጦር የመጨረሻው ምሽግ ነበረች፤ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከሄደ በኋላ ያቆመውን ሁሉ ወረስን። ፖስታ ቤቱን ወረስን፣ ሲኒማ ቤቱን ወረስን፣ ፒያሳ የሚለውን ስም ሳይቀር ወረስን። ዛሬ ከነዚህ ቤቶች አንዱን አፍርሰው ቢሠሩት «ቅርሳችንን!» ብለን የምንጮኸው እኛው ነን። ድንጋዩን «የማን ልጅ ነህ» ብሎ የጠየቀው የለም። ከዚያው አባት የተወለደውን ልጅ ግን «ክልስ» ብለን ለየነው፤ በተጣላን ቁጥርም «ሶላቶ» አልነው። ከድንጋይ ያነሰ ቦታ ሰጠነው ማለት ነው።

ሉቺያኖ በደርግ ዘመን አገር ለቆ ወጣ፤ ቀሪ ዕድሜውን ጣልያን ኖሮ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ አረፈ። እሱ ዋንጫውን ከፍ ካደረገበት ቀን ወዲህ ኢትዮጵያ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ አልበላችም።

ወደ ዛሬው ልምጣ። አሁን «የኛ ነው፣ የነሱ ነው» የምንባባልበትን ነገር ሕጉ ቁርጥ አድርጎታል። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። አንቀጽ 20 ላይ ያለው ነገር ደግሞ በተለይ ኳስ ተጫዋች ልጅ ላለው ሰው ደጋግሞ የሚነበብ ነው፦ ከአንድ ወላጁ የውጭ ዜግነት ያገኘ ወይም ውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ አካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ የኢትዮጵያን መምረጡን ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ከዐሥራ ስምንት እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ማለት ነው። አንድ አጥቂ በዚያ ዕድሜው ምን እያደረገ ነው? ኢሳቅ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ለስዊድን ብሔራዊ ቡድን ጎል አግብቶ፣ ያኔውኑ ዶርትሙንድ ፈርሟል። አውሮፓ ውስጥ የሚሮጥ ልጅ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ያንን ፓስፖርት ጥሎ የኛን ያንሣ ማለት፣ ከነጫማው እንጀራውን ይጣል ማለት ነው። ማን ያደርገዋል? እኔ አባቱ ብሆን አላስደርገውም።

ለትውልደ ኢትዮጵያውያን «ቢጫ ካርድ» የሚባለው መታወቂያ አለ፤ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፣ ያኖራል። ዜግነት ግን አይደለም፤ ፊፋ ደግሞ ለብሔራዊ ቡድን የሚጠይቀው ዜግነትን ነው። ኳስ ተጫዋች ቢጫ ካርድ የሚያየው ሲያጠፋ ነበር፤ የኛ ሲወለድ ያየዋል።

«እነዚህ የሚመጡት እዚያ ሳይሳካላቸው ሲቀር ነው፤ ፋሲል ከነማ ውስጥ ላቡን የሚያፈሰው ልጅ ቦታ ይወሰድበታል» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ግማሹን እቀበለዋለሁ። ወንድማማቾቹ ቫሳሎዎች ከውጭ የመጡ አልነበሩም፤ እዚሁ ሜዳ ላይ የተፈተኑ፣ አብረው አቧራ የቃሙ ናቸው። አስመራም ያኔ በፌዴሬሽን ከኛ ጋር ነበረች። ስለዚህ አንድ ዓይነት ነገር ነው አልልም። ግን ሞሮኮ በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ ከሃያ ስድስቱ ተጫዋቾቿ ዐሥራ አራቱ ውጭ አገር የተወለዱ ነበሩ፤ የካዛብላንካ ልጅ ቦታ ተወሰደብኝ ብሎ ሲያለቅስ አላየሁም፤ አብሮ አደባባይ ወጥቶ ሲጨፍር ነው ያየሁት። አሰልጣኙ ይምረጥ፤ የማይረባውን ይመልሰው። እኔ የምለው በሩ ላይ የቆመው ሕግ አሰልጣኙን አይቅደመው ነው። ወዳጄ በዚህ አልተስማማም፤ ቡናውን ግን እሱ ከፈለ።

ሠፈራችን አንድ ልጅ አለ። እናቱ የአዘዞ ልጅ ናት፣ አባቱ ጀርመናዊ። በየዓመቱ ለጥምቀት ከእናቱ ጋር ይመጣል፤ አያቱ ዘንድ ያርፋል። ዘንድሮም ታቦቱ በገባ ማግሥት ከሠፈር ልጆች ጋር ድንጋይ ግብ አድርገው ሲጫወቱ አየሁት። አጥቂ ነው። በግራ እግሩ ኳሷን ካቆማት በኋላ አትለቀውም። ልጆቹ «ፈረንጁ! አቀብል እንጂ!» እያሉ ይጮኹበታል፤ እሱም በደንብ በሚገባቸው የአዘዞ አማርኛ እየመለሰ ይሰድባቸዋል። አንዷን ከሁለት ተከላካይ መሀል አውጥቶ ሲያገባ ግን «ፈረንጁ» ያሉት ሁሉ ተሸክመውት ዞሩ። አያቱ በር ላይ ቆመው «አውርዱት፣ ይሰበርብኛል!» ይላሉ።

ዕድሜውን ጠየቅኋቸው። በሚመጣው ጥምቀት ዐሥራ ስምንት ይሞላዋል። ከዚያ አንድ ዓመት አለው።