ቀመስከው?

ትናንት ማታ ሻይ ላፈላ ጓዳ ገብቼ አንድ ጠርሙስ ስከፍት "ፍስስ" አለብኝ። ለስላሳ እንዳይመስላችሁ፤ ማር ነው። አረፋው ገንፍሎ መደርደሪያው ላይ ፈሰሰ፣ ከዚያ ካልሲዬ ላይ ተንጠባጠበ።

ማሩን የሰጠኝ ወዳጄ ነው። ሰውዬው ማር ውስጥ ቅጠል መዘፍዘፍ ከጀመረ ወዲህ ሰላም የለኝም። መጀመሪያ የቀረፋ አመጣ። ቀጥሎ የጦስኝ። ከዚያ የሎሚ ልጣጭ። ይኼኛው የዝንጅብልና የጥብስ ቅጠል ነው፤ አንገቱ ላይ ሪባን ታስሮለታል። ሰጥቶ ዝም ቢል ምን ነበረበት! በየሁለት ቀኑ ይደውላል። "ሃሎ" የለ፣ "ደህና አደርክ" የለ። "ቀመስከው?"

ለመሆኑ ማር መቼ ነው ቅጠል አነሰኝ ብሎ አቤት ያለው? ንቧ እኮ ቅመሙን ከአበባው ይዛ ነው የመጣችው። አንዲት ሠራተኛ ንብ ዕድሜዋን ሙሉ ለፍታ የምትሠራው ማር 1/12ኛ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። እሱንም ከእህቶቿ ጋር ሆና፣ ውሃው ከመቶ ወደ 18 እጅ እስኪወርድ ድረስ በክንፏ ታራግበዋለች። ሲበቃው በሰም ይከደናል። ወዳጄ ደግሞ ውሃው ያልተራገፈ ቅጠል ይጨምርበታል። እርሾው እዚያው ማሩ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ውሃ ሲያገኝ ነቃ። ካልሲዬ ምስክር ነው።

ብነግረው ይቀየመኛል። "ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ" ይባላል። ይህቺን ተረት ስወዳት! ግን የምትመክረው የሚሰፍረውን ብቻ ነው። የሚሰፈርለትስ?

ከዓመታት በፊት ለአንድ ሰው ምንም ያልነካው ማር ሰጠሁ። ብርድ ገባና ረጋ። ሰውዬው ሰው በተሰበሰበበት "ያ ማርህ ስኳር ነው እንዴ?" አለኝ። ሁሉም ሳቀ። ንጹህ ማርም ይረጋል፣ የሚረጋው ግሉኮሱ ነው፣ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ደግሞ ይፈጥናል፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ብታቆመው ይሟሟል አልኩ። ማን ሰምቶኝ! "አይ አንተ፣ ደግሞ ሳይንስ አመጣህ" ተባልኩ። ያን ስኳር ያለውን ግን ጥርግ አድርጎ በልቶታል። ጠርሙሴንም አልመለሰም። አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ ቢጫ። ዛሬም ቤቱ ስሄድ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ ነው።

የት ነበርኩ? ወዳጄ ጋ። አንድ ነገር ላይ ግን አልስቅም። "ለሕፃኗም አቅምሳት፣ ለጉንፋን ነው" ይለኛል። ልጄ ገና ስምንት ወሯ ነው! ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም። ቅጠል ያለውም፣ የሌለውም። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘሩ ማር ውስጥ ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት ይቋቋመዋል፣ የሕፃን ግን አይችለውም። ይኼን ሦስቴ ነግሬዋለሁ። ሦስቴም "የእኛ እናቶች እኮ..." ብሎ ጀምሮልኛል። ሦስቴም ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግቻለሁ።

ቅጠሉን አድርቀው ብዬዋለሁ። ማሩ ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት አቆየው፣ ከዚያ አጥልለው። እሳት ላይ ብቻ አትጣደው፣ መዓዛው ይጠፋል። የቀረፋው ደረቅ ስለነበር ነው እንደዚያ... ማለቴ፣ ጥሩ ነበር ይባላል።

እሺ፣ የቀረፋው አልቋል። ሌሊት ሌሊት በማንኪያ ነው የጨረስኩት። ብነግረው ሁለት ይዞ ይመጣል ብዬ ዝም አልኩ። ይኸው ስልኩ እየጠራ ነው። ጠርሙሱንም አጥቤ ደብቄዋለሁ፤ አፉ ሰፊ ነው።