በታማሚ አልጋ ዙሪያ የሳቅነው ሳቅ

እናንተ ሐኪሞች፣ መምህራንና ጋውን የለበሳችሁ ተማሪዎች ሆይ፣ እኔም ከእናንተው አንዱ ነኝና ስሙኝ። ልጄ ሐኪም ይሁንልኝ የምትሉ ወላጆችም አትራቁ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከቤታችሁ ነው።

ከጋሞ ደጋ የመጡ፣ አማርኛ የማይሰሙ እናት ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ተኝተው ነበር። በዙሪያቸው ከቆምነው መካከል ቋንቋቸውን የሚያውቀው አንድ ኢንተርን፣ ማለትም በሆስፒታል ልምምድ ላይ ያለ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ብቻ ነበር። ታሪካቸውን እንደ ወጉ በእንግሊዝኛ አቀረበ፤ እንግሊዝኛውን ሁላችንም የምንሰባብረው ነውና ማንም አልሳቀም። «አሁን ምን ይላሉ?» ተብሎ ተጠይቆ ወደ አማርኛ ሲመልስ ግን «አመማቸው» ማለት ሲገባው «አመመው» አለ። አንዱ ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም፣ አነጋገሩን አስመስሎ ደገመው፤ ሌላው ስለ ሽመና ቀለደ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ልጁ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ አንገቱን ደፋ። እናቲቱ በእርሳቸው የተሳቀ መስሏቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ያ ያልተጨረሰ ዐረፍተ ነገር ለሳምንታት ስለጠጡት የባህል መድኃኒት ነበር። ጉበታቸውን ምን እንደነካው ለማወቅ ሁለት ቀን ባዘንን፤ በሦስተኛው ቀን ካርዱን ስንገልጥ በልጁ እጅ ተጽፎ አገኘነው። ተሽሏቸው ወጡ፤ ይህ ግን እኛን ነጻ አያወጣንም።

ራውንዱን፣ ያን በየአልጋው የምናደርገውን የሐኪሞች ጉብኝት፣ የምመራው እኔ ነበርኩ። አልተቆጣሁም፤ እንዲያውም ፈገግ ብያለሁ። ለጥምቀት የምለብሰው ኩታ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ፣ ከጋሞ ሸማኔ እጅ የገዛሁት ነው።

ተማሪዎችን ከየክልሉ አምጥቶ በየዩኒቨርሲቲው መደልደል ብቻውን አብሮ መማር አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ሴቶቹ ከየቀበሌያቸው የተመረጡት የሕዝቡን ቋንቋና ወግ ስለሚያውቁ ነው፤ ከ30 ሺህ በላይ የሚሆኑትም በዚሁ መንገድ ሠልጥነዋል። ለገጠር ጤና ኬላ ያወቅነውን ነገር ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ጥለነው የምንገባው ለምንድን ነው?

ልጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ችግር የለም፣ ዶክተር» አለኝ፤ እስከ ዛሬ ግን ካልተጠየቀ አይናገርም። ሬዚደንቱ ደግሞ «ቀልድ እኮ ነው» ከማለት አላለፈም። ሰው በአንድ ተግሳጽ ይለወጣል ብዬ አልሞኝም። ሆኖም በሚቀጥለው ወር አዲስ ኢንተርኖች ይመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው የሚችሉትን ቋንቋ በሰሌዳው ላይ፣ ከአልጋ ቁጥሮቹ አጠገብ አስጽፋለሁ። ጠመኔ ብቻ ነው የሚፈጀው፤ እናንተም በየክፍላችሁ ሞክሩት።