ካርዱ አይታይም ስል «ወንድምሽን ላኪው» ተባልኩ

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው። ጫማዬንም አላወለቅኩም። ይሄን ካልጻፍኩት ዛሬ እንቅልፍ የሚባል ነገር አይወስደኝም።

ያ ሳውንድ ካርድ፣ የአክስቴን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ልቀዳበት የገዛሁት የድምፅ ካርድ፣ ዛሬም አልታየም። አራተኛ ቀኑ! 6,800 ብር ቆጥሬ የሰጠሁበት ካርድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተሰክቶ ተቀምጧል፣ ኮምፒውተሩ ግን ጭራሽ አላወቀውም። ነቅዬ መልሼ ሰክቻለሁ። የወርቅ ቀለም ያለውን ጥርሱን በላጲስ ጠርጌያለሁ። የሚሰካበትን ስሎት ቀይሬያለሁ። ባዮስ፣ የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር ውስጥ፣ ገብቼ አንድ በአንድ አይቻለሁ። የለም።

የማዘርቦርዱ፣ የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ የራሱ ድምፅ ክረምት ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደተቃጠለ ታውቃላችሁ፣ ያን ቀንም እዚሁ ብሶቴን አራግፌያለሁ። የአክስቴን ካሴቶችም ታውቃላችሁ። ፊደል ስላልቆጠረች ከጅዳ ደብዳቤ የምትጽፈው በቴፕ እያወራች ነበር፤ ወደ አገር የሚገባ ሰው ስታገኝ ካሴቱን በእጁ ትልካለች፣ እኛም ሰብሰብ ብለን እንሰማለን። 11 ካሴት፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ። ካሴት ደግሞ እንደ ፋይል በአንዴ አይገለበጥም፤ እያጫወቱ ነው የሚቀዳው። 16 ሰዓት ተኩል ሥራ ነው። አራቱን ድምፁ ሳይቃጠል ቀድቻለሁ፣ ሰባቱ ቀርተዋል፣ የሁለቱ ክር መጣበቅ ጀምሯል። ላፕቶፑ ላይ ያለችው ቀዳዳ የማይክ ናት፣ ሞክሬው ድምፁ ተሰነጣጥቆ ነው የገባው። ቅዳሜ የአክስቴ ሙት ዓመት ነው። እማዬ በየማታው «የእህቴን ድምፅ መቼ ነው የምታሰሚኝ?» ትለኛለች።

ለዚህ ነው ዛሬ ከሥራ አስፈቅጄ ወደ ሱቁ የሄድኩት።

«ከእናንተ የገዛሁት ካርድ ኮምፒውተሩ ላይ አይታይም» አልኩት።

ሻጩ ልጅ ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል «ድምፁን ጨምረሽዋል?» አለኝ።

«ድምፅ አነሰ አላልኩም። ካርዱ ራሱ የለም። ኮምፒውተሩ ያወቃቸው ዕቃዎች የሚዘረዘሩበት ዲቫይስ ማናጀር ላይ አይታይም።»

«ድራይቨር ጫኚበት፣ ማሠሪያ ፕሮግራሙን።»

«ድራይቨር ቢያጣማ ቢጫ ምልክት ይዞ ይታይ ነበር። ይሄ ስሙም ምልክቱም የለም።»

«እንግዲያው ዊንዶውሱ ነው። ፎርማት ይደረግ፣ 500 ብር።» ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለቱ ነው።

«በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱን በፍላሽ አስነስቼ አይቻለሁ፣ እዚያም የለም። ዊንዶውስ በሌለበት እንዴት ጥፋቱ የዊንዶውስ ይሆናል?»

ይሄን ጊዜ ነው ቀና ያለው። እኔን አይደለም ያየው፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ጓደኛውን ነው። ፈገግ አለና፦

«እህት፣ ወንድም የለሽም? ወይ ባለቤትሽን ላኪው፣ ለሱ እናስረዳዋለን።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሳቁ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ካርዱን በእጄ ይዤ፣ ሞቀኝ፣ ጆሮዬ ሁሉ ጋለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤታችንን 40 ኮምፒውተር ስፈታ ስገጥም የኖርኩት እኔ ነኝ። ፓወር ሰፕላይ፣ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ሳጥን፣ ስቀይር እጄ ተቆርጦ ያውቃል። ወንድሜ ይላክ? ወንድሜ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲበላበት የሚደውለው ለኔ ነው!

ደግሞ ይሄ ፎርማት! ፎርማት ለነሱ እንደ ፓራሲታሞል ነው፤ ራስህን ቢያምህም ይሰጡሃል፣ እግርህ ቢሰበርም ይሰጡሃል። ኢንተርኔት ዘገየ? ፎርማት። ኪቦርድ አልሠራም አለ? ፎርማት። አምና የጎረቤታችን ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስገባ አምስት ቀን ሲቀራት ላፕቶፑ ቻርጅ አልይዝ ብሎ ሰጠቻቸው፣ ቻርጅ ለማይዝ ላፕቶፕ ፎርማት አድርገው መለሱላት። ጽሑፉ የለ፣ ቻርጁም እንደነበረው። ልጅቷ በራችን ላይ ተቀምጣ ያለቀሰችው ለቅሶ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። የኔ ዲስክ ላይ እኮ የአክስቴ ድምፅ ነው ያለው። በ500 ብር ሊያጠፋልኝ ነበር። ኮፒ አለሽ ወይ ብሎ እንኳን አልጠየቀኝም።

«ብሬን መልሱልኝ» አልኩ። ደረሰኙን በጣቱ መታ መታ አደረገልኝ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለበት። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ነገርኩት። «ታዲያ ክሰሺን» አለኝ። ለ6,800 ብር ማን ከሥራ እየቀረ ይመላለሳል? እሱም ይሄንን ስለሚያውቅ ነው እንደዛ የሚናገረው።

ይሄ ሁሉ ግን ምንም አይደለም። ያንገበገበኝ የታክሲው ላይ ነው።

መገናኛ ሰልፉ እንደምታውቁት ነው፣ ዝናቡም አልቀረልኝም። ስገባ ከኋላ ወንበር ቁጭ ብዬ የካርዱን ማኑዋል በስልኬ ፈልጌ አወረድኩ፤ ካርቶኑ ውስጥ ስላልነበረ። ሁለተኛው ገጽ ላይ በደማቁ ተጽፏል፦ ካርዱ ከስሎቱ የሚያገኘው ኤሌክትሪክ አይበቃውም፣ ጠርዙ ላይ ያለችው ባለ አራት እግር ሶኬት ከፓወር ሰፕላዩ ጋር በኬብል መገናኘት አለባት፣ አለበለዚያ አይነሳም።

ያቺን ሶኬት እኮ የገዛሁ ዕለት ጠይቄዋለሁ! በጣቴ እያሳየሁት «ይቺ ምንድናት?» ብዬዋለሁ። «እሷ የድሮ ናት፣ አታስፈልግም፣ ተያት» ነው ያለኝ። አላውቅም ቢለኝ ምን ነበረበት? አንዲት ቃል! አራት ቀን፣ የሥራ ፈቃዴ፣ የትራንስፖርቱ ብር፣ በሰው ፊት መዋረዱ፣ ሁሉም የመጣው አላውቅም ማለት ስላቃተው ነው።

ከታክሲው ሳልወርድ ደወልኩ። «ኬብሉ ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ አሁን ደግሞ የለም» ብሎ ዘጋብኝ። ካርቶኑን ከፍቼ አየሁት፤ ፕላስቲኩ ላይ ኬብሉ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ ባዶውን አለ። ከካርዱ ጋር ተሽጎ የመጣ ዕቃ ነው። ሲሸጥልኝ ካርቶኑ ተከፍቶ ነበር፤ «ቼክ አድርገነው ነው» ብለውኝ አመንኳቸው።

የኔ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ አዲስ ነው፣ ሳታ የሚባለው የአዲሶቹ ሶኬት እንጂ ያቺ የድሮ ፍሎፒ፣ የዲስኬት ማንበቢያው፣ ላይ ትሰካ የነበረችው ትንሿ ባለ አራት ቀዳዳ የለውም። ሞሌክስ የምትባለው ትልቋ ባለ አራት ቀዳዳ ግን አለችው። ከሞሌክስ ወደ ፍሎፒ የሚቀይር አጭር ሽቦ ነው የሚያስፈልገኝ፣ ከሽሮ ማማሰያ የማይረዝም።

ደከመኝ። እማዬ ስገባ ከሳሎን ሆና «ድምፁ መጣ?» አለችኝ። «ነገ» አልኳት። ትናንትም ነገ ነበር ያልኳት። ቴፑን በሻሽ ሸፍናዋለች፣ አቧራ እንዳይገባበት።

ቤታችሁ ወይም ቢሯችሁ መጋዘን ውስጥ ፍሎፒ የነበረው የሞተ ኮምፒውተር ያለው ሰው እባካችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩልኝ። ቢጫ፣ ሁለት ጥቁር፣ ቀይ ሽቦ አላት፣ ጫፏ ነጭ ነው፣ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ የትም ብትሆኑ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ። እስከ ዓርብ ማታ ብቻ ይድረስልኝ።