ካባ ይደረብለት

ሰርግ ላይ የሚመሰገኑት ሁሌም ሙሽሮቹና ጠጁ ናቸው። ዲጄውን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ግፍ ነው። መቶ ሰው የሚጨፍርበትን መድረክ በአንድ ጣት ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ባለሙያ ቢያንስ ካባ ይገባዋል።

እስቲ ጥበቡን ቀረብ ብለን እንየው። እስክስታው ደርቷል። የሙሽሪት አክስት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ ትከሻቸውን እየሰበቁ ወደ አማቾቹ እየገሰገሱ ነው። ዘፋኙ አዝማቹን ሊጀምር ነው። ዲጄያችን የጆሮ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮው ላይ ለጠፍ አድርጎ እጁን ወደ ጣሪያው ያነሳል። ሳይረን ይጮኻል። የራሱ ስም ደጋግሞ ይጠራል (የማን ሰርግ እንደሆነ እንዳንረሳ ነው)። ከዚያ የዚያው ዘፈን የቴክኖ (በማሽን የሚሠራ የጭፈራ ሙዚቃ) ሪሚክስ፣ በደቂቃ 150 ምት፣ ዱም ዱም ዱም ዱም! አክስት ግራ ትከሻቸው እንደወጣ፣ ቀኙ ሳይከተል ባሉበት ቀሩ። ቪዲዮ ቀራጩም ቶሎ ብሎ ካሜራውን ወደ ኬኩ አዞረ።

ችክችካ በስድስት ይቆጠራል። ቴክኖ በአራት ይረግጣል። ይህን የሚያውቅ ፈሪ ሁለቱን ከማገናኘቱ በፊት አስር ጊዜ ያስባል። የኛ ሰው ግን አንዱን በሌላው ላይ ይለቀዋል። ባዶ ጀሪካን በደረጃ ሲንከባለል ሰምታችሁ ከሆነ ድምፁን ታውቁታላችሁ። ይግረማችሁና የሁለት ዘፈኖችን ምት በራሷ የምታገጣጥመውን፣ ሲንክ የምትባለዋን ቁልፍ ተጭኗል'ኮ! ችግሩ የድሮ ባንድ ከበሮ መቺ ሰው ነበር፤ ትንሽ ይፈጥናል፣ ትንሽ ይዘገያል። ሶፍትዌሩ ይህንኑ ለመቁጠር ሲታገል ይስታል። ዲጄያችን ደግሞ ጨዋ ነው፣ ኮምፒውተር አያርምም።

የድሮ ዕቃ ሠሪዎች ምን ያህል ቆጣቢ እንደነበሩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2 የሸክላ ማጫወቻ ፍጥነቱን ከ8 በመቶ በላይ አያስጨምርም ነበር። በ100 ምት የተቀዳ ዘፈን ቢለፋ ቢለፋ 108 ላይ ይቆማል። ዛሬ ተመስገን ነው። ያንኑ ዘፈን 150 ማድረስ የአንድ ጣት ሥራ ሆኗል። ሲፈጥን ድምፁ እንዳይቀጥን የሚጠብቅ ቁልፍም አለ፤ የኛ ሰው እሱን አይነካውም። ስለዚህ በጎርናና ድምፃቸው የምናውቃቸው አንጋፋ ድምፃዊ የመዋዕለ ሕፃናት ተማሪ ሆነው ይመጡልናል። ወጣትነትን በነፃ የሚመልስ ሌላ ሙያ ካለ ንገሩኝ።

ቴክኖን አሜሪካ፣ ዲትሮይት ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጀመሩት እነ ዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳውንደርሰን ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ እንጃ። በእነሱ መንገድ ያደጉ ዲጄዎች ግን ሲበዛ ታጋሾች ናቸው። አዲሱን ዘፈን ከሥር ያስገባሉ፤ የአንዱን ባስ (ወፍራሙን ድምፅ) ቀንሰው ለሌላው ይለቃሉ፤ ከ125 ምት ወደ 135 ሲሻገሩ ጨፋሪው አይነቃባቸውም። ጭፈራውም ሳይቋረጥ ያድራል። ታዲያ ሰው መቼ ይረፍ? እግዜር ይስጠው፣ የኛ ዲጄ ስለ ጉልበታችን ያስባል። ሪሚክሱ ሲገባ መድረኩ ባዶ፣ ቁርጡ ጋ ሰልፍ። ስፒከሩ ሥር ሁለት ልጆች ብቻ ይዘላሉ፤ አንደኛው የዲጄው ረዳት ነው።

አንዳንድ ምስጋና ቢስ ሰዎች «ሪሚክሱን ክለብ ውስጥ፣ ለሊት፣ ሰው ሲሞቀው ቢያስገባው ምን ነበረበት?» ይላሉ። ክለብ ውስጥማ ማንም ያስገባዋል! ወንድነት በመልስ ቀን፣ በቀትር፣ ሽማግሌዎች ፊት ማስገባት ነው።

በቀደም አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ማጫወቻው ሲሄዱ አየሁ። ጠጋ ብዬ ሰማኋቸው።

«ልጄ፣ እስቲ አንድ ትዝታ ልቀቅልን።»

ዲጄው በአክብሮት ማዳመጫውን አወለቀ።

«አባባ፣ አሁን ያለፈው እኮ እሱ ነው።»