ጤፍ አጫጁን «ጨፍጫፊ» የሚለው የለም

ሰሞኑን አንድ ኃላፊ ስለ ችግኝ ተከላ በሬዲዮ ሲያወሩ ሰማሁ። ጋዜጠኛው በእንጨት ሥራ ስለሚተዳደሩ ሰዎች ጠየቃቸው። «እንጨት ቆራጭ የሚባል ሙያ የለም፤ ያሉት ደን ጨፍጫፊዎች ናቸው» አሉ። እስካሁን ንዴቱ አልለቀቀኝም።

ምክንያታቸው ደግሞ «ቃሉ ጠንከር ሲል ሕዝቡ ይነቃል» የሚል ነው። የቱ ሕዝብ? ይህን ስድብ ስንት ዓመት ተሳደብነው፣ ማን ነቃ? ምጣድ ስር የሚገባው ጭራሮ ቀረ? ሕንፃ ሲሠራ የሚቆመው አጣና ቀረ? እንጨቱን ሁላችንም እንፈልገዋለን፣ የሚቆርጥልንን ሰው ግን እንደ ወንጀለኛ እንጠራዋለን።

ጭፍጨፋ ሲባል የካቲት 12 ትዝ የሚለን ሰዎች ነን። ይህን ቃል ራሱ ተክሎ፣ ራሱ ኮትኩቶ፣ የደረሰ ዛፉን ለሚጥል ገበሬ መለጠፍ ነውር ነው። እስቲ አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ሂዱና እዩ። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ይተክላል፣ በመጀመሪያው ዓመት በመሃል በመሃሉ ሰብል ይዘራበታል፣ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆርጠዋል፣ ያከስለዋል፣ ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይመጣል፣ መሬቱም እንደገና ታርሶ ይተከላል። ይኼ አዝመራ ነው! ጤፍ ያጨደውን «የጤፍ ጨፍጫፊ» የሚለው ማን ነው? ባሕር ዛፍማ ጭራሽ መልሶ መትከልም አይጠይቅም። ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አፄ ምኒልክ ማገዶ ቸግሯቸው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው ነበር፤ አዲስ አበባን ያተረፋት ይኸው ዛፍ ነው እንላለን። ልክ ነው። ግን ዛፉ በራሱ እግር ከተማ አልገባም። የሚቆርጠው ሰው ነበረ፣ ከእንጦጦ ቁልቁል በጀርባቸው የሚያወርዱት እናቶች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። ይህች ከተማ ቀና ያለችው የነሱ ጀርባ ጎብጦ ነው።

ሌሊት ተደብቆ ዝግባና ጥድ የሚጥለውን ጨፍጫፊ በሉት፣ በዚያ አልከራከርም። ነገር ግን ሰፊ ደን ለእርሻ ብሎ ከነሥሩ የሚነቅለውን፣ ወረቀት ስለያዘ ብቻ «ባለሀብት» እያላችሁ ወንበር አታቅርቡለት። ከሁሉ በላይ ደናችንን የበላው እርሻ ነው እንጂ መጥረቢያ የተሸከመ ድሃ አይደለም።

ስም እንደሆነ አማርኛችን አልቸገረውም። ቆራጭ አለ፣ ፈላጭ አለ፣ ጠራቢ አለ፣ ከሰል አክሳይ አለ፣ ለቃሚና ተሸካሚ አለ። እያንዳንዱ ለየቅል የሆነ ሥራ ነው። ፈላጩንና ቆራጩን አንድ ላይ አጣብቀን ለአምባገነን መስጠታችን ራሱ ያናድደኛል። ፍልጥ ፈልጦ በዕለት ገቢው የሚያድር ሰው በማን ላይ ሥልጣን ኖሮት ነው?

እኛ ሰፈር መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ በየቤቱ እየዞረ የሚፈልጥ ሰው አለ። ባለፈው የሬዲዮውን ነገር ስነግረው የቀበሌ መታወቂያውን አውጥቶ አሳየኝ። ሥራ በሚለው ቦታ «የቀን ሠራተኛ» ይላል። «ምነው እንጨት ፈላጭ ነኝ አላልካቸውም?» አልኩት።

«ፈራኋ» አለኝ።