ቆፍር፣ ቆፍር፣ ጨረቃዋን እይ

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ሐምሌ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ፣ ጃፓን ታውን በሚሉት የጃፓኖች ሰፈር፣ አስፋልት መሀል ከሰል ስትቆፍር አመሸች።

የጃፓኖች በዓል ነው፣ ኦቦን ይባላል። ሙታን የሚታሰቡበት ነው፣ እንደ ተዝካር ያለ፣ ግን ጭፈራ ያለበት። መንገዱ ይዘጋል። ኪሞኖ የለበሰውም ቁምጣ የለበሰውም ክብ ሠርቶ ይጨፍራል። ከዘፈኖቹ አንዱ ታንኮ ቡሺ ነው፤ ከፉኩኦካ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች የመጣ። ጭፈራው ሥራው ራሱ ነው። ቆፍር፣ ቆፍር። በትከሻህ ወደ ኋላ ጣል፣ ደግመህ ጣል። እጅህን ግንባርህ ላይ ጋርደህ ጨረቃዋን እይ። ጋሪውን ግፋ፣ ግፋ። አጨብጭብ። በቃ። ሁለት ዙር ያየ ሰው ሦስተኛው ላይ ይገባል። ሠርግ ላይ ሁሌ ቦርሳ ጠባቂ የምደረገው እኔ እንኳ ገባሁ።

እዚያው አንድ ወረቀት ሰጡን። በሳምንቱ ቅዳሜ የሚንዮ ዝግጅት አለ፣ በስምንት ሰዓት። ሚንዮ የሕዝብ ዘፈን ማለት ነው፣ የዓሣ አጥማጁ፣ የፈረስ ጫኙ፣ የሩዝ ተካዩ። እኔም እንደ ለመድኩት ልጄን ይዤ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ዘና ብዬ ደረስኩ። ግማሹ አልቋል! በሩ ላይ ያለችው ልጅ ሰዓቷን ሳይሆን እኔን አየች። ምናለ ሰዓቷን ባየች።

ከመቶ የማይበልጥ ሰው ነው። መድረክ ላይ አራት ሰው፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ ሻሚሴን፣ አንድ ሻኩሃቺ። ሻሚሴን ባለ ሦስት ክር ነው። ክሩን የሚመቱት በጣት አይደለም፣ እንደ መጥረቢያ ምላስ ሰፋ ባለ ባቺ በሚሉት ነገር ይመቱታል፣ ከክሩ ጋር ቆዳውም ይመታል፣ ስለዚህ ክራርና ከበሮ ባንድ እጅ እንደ መጫወት ነው። ሻኩሃቺው ደግሞ አምስት ቀዳዳ ያለው ቀርከሃ ነው። ዋሽንታችን ወፈር ቢል እሱን ይመስላል።

ዘፋኟ ሰባ የሞላቸው የሚመስሉ ሴትዮ ናቸው። የገረመኝ ድምፃቸው አይደለም። ሳያስተምሩ አለመዝፈናቸው ነው። ሶራን ቡሺ የሰሜን ጃፓኗ ደሴት የሆካይዶ ዓሣ አጥማጆች መረብ ሲጎትቱ የሚሉት ነው። ሴትዮዋ መጀመሪያ አዳራሹን ለሁለት ከፈሉት። ቀኙ «ሶራን፣ ሶራን» ይላል፣ ግራው «ዶኮይሾ፣ ዶኮይሾ»። እጃችሁን ዘርጉ፣ መረቡ ከባድ ነው፣ ጎትቱ። አንድ ጊዜ ድምፃችን ሲያንስ ዘፈኑን አቆሙት። ዓሣው አመለጠ ማለት ነው። እንደገና። ዓሣውማ እውነት እዚያ ባሕር እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ እንደ ድሮው የለም፣ ሄሪንግ ይሉታል፣ ዘፈኑ ግን ካሊፎርኒያ ድረስ መረብ ያስጎትታል። ጎኔ የተቀመጠው ሜክሲኳዊ ላብ በላብ ሆነ።

ከዚያ ኤሳሺ ኦይዋኬን ዘፈኑ። እሱ ላይ ጭብጨባ የለም። ምት የለውም፣ ይንሳፈፋል። ሰባት ስንኝ አለው፣ አንዱ ስንኝ ባንድ ትንፋሽ መውጣት አለበት። ጎን የቆመ ሰው በየመሀሉ «ሶይ» እያለ ያግዛል፣ እኛ «እሰይ» እንደምንለው። ዘፈኑ ራሱ ስደተኛ ነው ብለው ነገሩን። ከመሀል አገር ተራራ የፈረስ ጫኞች እንጉርጉሮ ሆኖ ተነሣ፣ በለማኝ ዘፋኞችና በመርከበኞች አፍ እየዞረ ሰሜን ደረሰ። አሁን ኤሳሺ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በየዓመቱ በዚሁ ባንድ ዘፈን ብቻ ይወዳደራሉ። ባንድ ዘፈን! እኛ ባንድ ዘፈን የምንወዳደረው ማን ሰረቀው ብለን ፌስቡክ ላይ ነው።

ሻሚሴን ተጫዋቹም ስለ ሰሜኑ የጹጋሩ ስልት አወራ። ጀማሪዎቹ ዓይነ ስውራን ነበሩ። በበረዶ እየሄዱ በሰው በር ላይ ይጫወታሉ፣ ሩዝ ይሰጣቸዋል። ታካሃሺ ቺኩዛን የሚባለው ስመ ጥር (እ.ኤ.አ. 1910–1998) በልጅነቱ ዓይኑ ታምሞ እንደዚያ እየዞረ ነው ያደገው፣ ኋላ ቶኪዮ ውስጥ ወጣቱ ተሰልፎ ያዳምጠው ነበር። እኔ ይህን ስሰማ ጎህ ሳይቀድ በራችን ላይ የሚያዜሙት ላሊበሎች ትዝ አሉኝ። እናቴ ቶሎ ስጧቸውና ይሂዱ ትል ነበር።

መጨረሻ ላይ አንድ ዜማ መጣ፣ ፀጉሬ ቆመ። አምባሰል ነው! አላበድኩም። ሚያኮ ቡሺ የሚሉት አምስት ድምፅ ያለው ስልታቸው ከአምባሰል ጋር ርቀቱ አንድ ነው፣ ሙዚቃ የተማረ ጓደኛዬን ደውዬ አረጋግጫለሁ። ሲያልቅ መድረኩ ሥር ሄጄ በዚህ በተሰባበረ ድምፄ አንጎራጎርኩላቸው። ሰውየው ዝም ብሎ ሰማኝና ተከተለኝ። በሻሚሴን! ሴትዮዋ በጣም ደስ አላቸው። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። የእናንተ መሣሪያ ምንድነው? ለሚቀጥለው ዝግጅት ይዘህ ና፣ ልጅህም ታሳየን።

ምን ይዤ ልሂድ?

እኔ የማውቀው ማሲንቆ አንድ ነው፣ ሁሌ ክትፎ የምበላበት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው። ክር የለውም። ጭራው ተበጥሶ ከወደቀ ቆየ። ባለቤቱን እንዲያውሰኝ ብለምነው «ዲኮር እኮ ነው» አለኝ፣ የስድብ ያህል። ተጫዋች ፈለግኩ። አንዱ ሌላ ስቴት ሄዷል። አንዱ አሁን ኪቦርድ ነው የምነካው አለ። ሦስተኛው ስንት ትከፍላለህ አለኝ፣ እሱ እንኳ ልክ ነው፣ እንጀራው ነው።

አገር ቤት የለም እንዳልል አለ። ያሬድ ትምህርት ቤት ማሲንቆና ክራር ያስተምራል። ካዛንቺስ የነበረው የአዝማሪ ቤት፣ የፈንድቃ ልጆች አውሮፓና አሜሪካ ዞረዋል፣ እኔ ባየሁት ግን ፊት ፊት ተቀምጦ የሚያጨበጭበው ፈረንጅ ነው። እኛ የት ነን? እኛ ኮንሰርት ነን። ፖስተሩ ሦስት ሰዓት ማታ ይላል። ባለፈው ፋሲካ ስልሳ ዶላር ከፍዬ ገባሁ። አምስት ሰዓት፣ ዲጄ። ስድስት ሰዓት፣ ዲጄ። ዘፋኙ ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ መነጽሩን አድርጎ ወጣ፣ ስፒከሩ ግጥሙን እንዳለ በላው፣ አራት ዘፈን ከኪቦርድ ጋር ዘፈነና «እወዳችኋለሁ» ብሎ ወረደ። ጫማዬ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ነው የወጣሁት። ልጅ ማስገባት አይቻልም፣ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ክልክል ነው። ታዲያ ልጄ የት ትይ? ስልሳ ዶላሬ አሁንም ያንገበግበኛል።

ለጃፓኖቹም ማዳላት አይሁንብኝ። የሥራ ባልደረባዬ የኦሳካ ልጅ ነው፣ ሚንዮ ሰማሁ ስለው ሳቀብኝ። አያቱ የሚሰሙት ነው። እሱ አንድም ቀን ሄዶ አያውቅም። እንደኔው ነው ለካ።

ልጄ ግን አለቀቀችኝም። «አባቢ፣ የእኛ ዘፈን ምን ይቆፍራል?» እስክስታ አሳየኋት። «ይሄ ምን ሥራ ነው?» አለች። ምን ልበላት? ደብረ ማርቆስ ደወልኩ። እናቴ ድሮ እህል ስትፈጭ ታንጎራጉር እንደነበር አስታውሳለሁ፣ ግጥሙን ግን አላውቀውም። ዘፈኑን በይልኝ ስላት «ምነው፣ ልትስቅብኝ ነው?» አለች። ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ዘግታ ነው የጀመረችው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ልጄ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ፣ የሊጥ መዳመጫ እንደ መጅ ይዛ፣ ግፋ፣ መልስ፣ ግፋ፣ መልስ ትላለች፣ መጨረሻ ላይ ከራሷ ጨምራ ጨረቃዋን ታያለች።

እናቴ ዘፈኑን አቋርጣ ስክሪኑ ላይ ትኩር ብላ አየቻት።

«ምንድነው እሱ የምታደርገው?»

ለጃፓኖች ልታሳይ ነው አልኳት።

«እነሱም በእጅ ይፈጫሉ እንዴ?»